ድንገተኛ አደጋና ጅማ፦ የመጀመሪያው አንድ ሰዓት በማን እጅ ነው?

ባለፉት ጥቂት ዓመታት የአደጋ ዜና ከጆሯችን አልጠፋም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ሰዎችን ቀበረ። ሦስት ወር ቆይቶ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ በእሳት ተያያዘ። በዚያው ዓመት ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለው የፈንታሌ ተራራና አካባቢው ለወራት ሲንቀጠቀጥ ከረመ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቀዬውን ለቆ ወጣ። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ደግሞ አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ።

ከእያንዳንዱ ዜና በኋላ ጅማ ውስጥ አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ «እኛስ ጋ?» የሚል። መልሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጫፍ ይይዛል። አንዱ ወገን «ጅማ ለምለም አገር ናት፣ ምን ያገኛታል?» ይላል። ሌላው በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት መሬት ይንቀጠቀጣል የሚል የቴሌግራም መልእክት ለሚያውቀው ሁሉ ይልካል። የመጀመሪያው ያዘናጋል፤ ሁለተኛው ያስደነግጣል። ሁለቱም ቤት ውስጥ አንዲት ጀሪካን ውሃ አያስቀምጡም።

ጅማን የሚያሰጋት የትኛው ነው?

ባለሙያዎች ክስተትንና አደጋን ለይተው ያያሉ። ከባድ ዝናብ ክስተት ነው። አደጋ የሚሆነው መንገዱ ላይ ሰውና ቤት ሲያገኝ ነው። ያ ቤት ምን ያህል ይጎዳል የሚለው ደግሞ ተጋላጭነት ይባላል። የግድግዳው ጥንካሬ፣ የቤተሰቡ ገቢ፣ አልጋ የያዘ ሽማግሌ ወይም ጨቅላ ልጅ መኖሩ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይቆጠራል። ዝናቡን ማስቀረት አይቻልም። ተጋላጭነትን መቀነስ ግን ይቻላል።

ከርዕደ መሬት እንጀምር፤ ወሬው የበዛው በእሱ ላይ ነው። ጅማ ከስምጥ ሸለቆ በስተምዕራብ፣ ደጋው ላይ ያለች ከተማ ናት። ፈንታሌ በቀጥታ መስመር ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃታል። ሥጋቷ ከአዳማ ወይም ከሐዋሳ ጋር እኩል አይደለም። የለም ማለት ግን አይደለም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2003 ዓ.ም. ሆሳዕና አካባቢ መጠኑ 5 ገደማ የሆነ ርዕደ መሬት ሲነሳ ጅማም ተሰምቷል። ሆሳዕና ከጅማ በቀጥታ መስመር 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። በዚያ ዕለት በጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተጎዱት በዋናነት ደንግጠው ሲሮጡና ሲጋፉ ነው። ከዚህ የምንማረው ብዙ ነው። ፎቅ ላይ ያለ ሰው መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ወደ ደረጃ መሮጥ፣ በመስኮት መዝለል የለበትም። ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ጭንቅላቱን ይሸፍናል፤ መንቀጥቀጡ ሲያበቃ ይወጣል። ምድር ቤት፣ በር አጠገብ፣ አሮጌ የጭቃ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ግን ቶሎ ወደ ሜዳ ቢወጣ ይሻለዋል። ርዕደ መሬት የሚደርስበትን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ መናገር የሚችል ሳይንስ እስካሁን የለም። ስለዚህ ቀን ቆርጦ የሚናገር መልእክት ሲደርሳችሁ ውሸት መሆኑን ዕወቁ፤ ለሌላ አትላኩት።

ጎርፍ ይበልጥ ቅርብ ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። የዝናቡ ወቅት ረጅም ነው፤ በበልግ ጀምሮ እስከ መስከረምና ጥቅምት ይዘልቃል። አዌቱ ወንዝ ከተማዋን መሃል ለመሃል ያቋርጣል። እንደ ቦዬ ያሉት ረግረጋማ ቦታዎች ከዳገቱ የሚወርደውን ውሃ ይዘው ቀስ እያሉ የሚለቁ ናቸው። ረግረጉ ሲደፈንና ሲገነባበት ያ ውሃ የሚያርፍበት ያጣል።

ጣሪያችንን ብቻ እንውሰድ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲያርፍ 1 ሊትር ውሃ ነው። 100 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 40 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 4,000 ሊትር ይሆናል። ይህ 200 ጀሪካን ነው፤ ከአንድ ቤት ብቻ። ቀድሞ ሣርና አፈር ይመጠው የነበረው ውሃ አሁን በቆርቆሮ፣ በሲሚንቶና በአስፋልት አድርጎ በደቂቃዎች ውስጥ ቦይ ውስጥ ይገባል። ቦዩ ደግሞ በፌስታልና በሃይላንድ ተሞልቶ ይጠብቀዋል። ውሃው መንገድ ሲያጣ ወደ ቤት ይገባል። በፍጥነት የሚሄድ ውሃ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ጥልቀት ቢኖረው እንኳ አንድን አዋቂ ሰው ሊጥለው ይችላል። በ30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ይንሳፈፋል። ባጃጅ ከመኪና በጣም የቀለለ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ጎርፍ የሞላውን መንገድ «ትንሽ ነው፣ እናልፈዋለን» ማለት ሕይወት የሚያስከፍለው ለዚህ ነው።

ናዳ ከከተማው ይልቅ ዙሪያውን ያሉትን ተራራማ ወረዳዎች ይመለከታል። ምልክቱን ማወቅ ይጠቅማል፤ ዳገት ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ ያጋደሉ ዛፎች፣ በድንገት የደፈረሰ ምንጭ፣ በሩ አልዘጋ ያለ ቤት። ለጅማ ከተማ ሌላም መዘዝ አለው። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ የጊቤን በረሃ ቁልቁለትና ዳገት ያቋርጣል። መንገዱ ሲቆረጥ ነዳጅም መድኃኒትም ይዘገያል።

በእኔ ግምት ግን ለአንድ የጅማ ቤተሰብ ከሁሉም የቀረበው አደጋ እሳት ነው። ርዕደ መሬትና እሳተ ገሞራ ዜናውን ይዘውታል። እሳት ግን እያንዳንዱ ቤት ውስጥ በየቀኑ ይነዳል።

ሥርዓቱ የተወለደው ከረሃብ ነው

ለምን አልተዘጋጀንም የሚለውን ለመመለስ የአገሪቱን የአደጋ ሥርዓት ታሪክ ማየት ይረዳል። መነሻው ድርቅ ነው። በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ተከትሎ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ተቋቋመ። በኋላ የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ኮሚሽን ተባለ። ዛሬ የኢትዮጵያ አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ነው። ስሙም አሠራሩም እየተለወጠ መጥቷል። በ2005 ዓ.ም. የጸደቀው ብሔራዊ ፖሊሲ ሥራው አደጋ ከደረሰ በኋላ እህል ማከፋፈል ብቻ እንዳይሆን፣ ሥጋቱን አስቀድሞ ወደ መቀነስ እንዲዞር አድርጓል። መጋቢት 2007 ዓ.ም. በጃፓኗ ሴንዳይ ከተማ አገራት የተስማሙበት ሰነድም ሐሳቡ ይኸው ነው። የሴንዳይ ማዕቀፍ ይባላል፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እስከ 2030 ድረስ ይሠራበታል።

ወረቀቱ ጥሩ ነው። ልማዱ ግን ገና ከድርቅ አልተላቀቀም። ድርቅ ቀስ ብሎ የሚመጣ አደጋ ነው። በልጉ ይቀራል፣ ሰብሉ ይጠወልጋል፣ ከብቱ ይከሳል። ወራት ይሰጣል። መረጃ ለመሰብሰብ፣ ለጋሽ ለመጠየቅ፣ እህል ለመጫን ጊዜ አለ። እሳትና ደራሽ ጎርፍ የሚሰጡት ደቂቃ ነው። ለወራት አደጋ የተሠራ ሥርዓት የደቂቃ አደጋ ላይ መድረስ አይችልም፤ የቱንም ያህል ቅን ሠራተኞች ቢኖሩት። ይህን ክፍተት በመጀመሪያው ሰዓት የሚሞላው እዚያው ያለው ሰው ነው።

«ከመደበኛ በላይ ዝናብ» ሲባል ምን እናድርግ?

የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለእያንዳንዱ ወቅት ትንበያ ያወጣል። በቴሌቪዥን ሲነገር «በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ከመደበኛ በላይ ዝናብ ይጠበቃል» እንሰማለን። ብዙ ሰው ይህንን ወይ እንደ ተረጋገጠ ነገር ይወስደዋል፣ ወይ ደግሞ ችላ ይለዋል።

አነጋገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። ያለፉት ዓመታት ዝናብ፣ ብዙውን ጊዜ የ30 ዓመቱ፣ ከትንሹ እስከ ትልቁ ተደርድሮ ለሦስት ይከፈላል፤ ከመደበኛ በታች፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በላይ። ትንበያው ዘንድሮ ከሦስቱ ወደ የትኛው ያደላል ነው የሚለው። ዕድሉ አመዘነ ማለት ነው እንጂ ይሆናል ማለት አይደለም። አዌቱ ማክሰኞ ማታ ይሞላል ብሎም አይነግረንም። ለዚያ የአጭር ቀናት ትንበያ አለ። የወቅቱ ትንበያ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው ጥቅም ሌላ ነው፤ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ቦዩን ለመጥረግ፣ ጣሪያ ለመጠገን፣ እህሉን ከወለሉ ከፍ አድርጎ ለማስቀመጥ ምክንያት ይሆናል።

ሌላው ችግር መልእክቱ ሰፈር ድረስ አለመውረዱ ነው። ድሬዳዋ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የደረሰባትን እናስታውስ። ደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ወሰደ። ከተማዋ ተኝታ ነበር። ውሃው የመጣው በላይ በኩል ካለው ደጋ ነው። ከደጅህ ሳይዘንብም ጎርፍ ሊደርስብህ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያ ከላይኛው ሰፈር ወደ ታችኛው መሮጥ አለበት። ጅማ ላይ ለዚህ የሚሆን ነገር አለ። የመስጊድ ድምፅ ማጉያ ሌሊትም ይሰማል። የቤተ ክርስቲያን ደወል አለ። የእድር ጡሩምባ አለ። ባጃጅ ነጂዎች ከማንም ቀድመው የትኛው መንገድ እንደተዘጋ ያውቃሉ፤ ስልካቸውም በእጃቸው ነው። የጎደለው የትኛው ድምፅ ምን ማለት እንደሆነ አስቀድሞ መስማማት ነው። መልእክቱ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ቢሆን፣ ዳውሮኛ፣ የምኛና ከፍኛ የሚናገሩ ጎረቤቶችም ባይረሱ፣ የሚቀር ሰው አይኖርም።

መጀመሪያ የሚደርሰው ጎረቤት ነው

የጎፋው ናዳ አንድ መራራ ትምህርት ጥሎ አልፏል። መጀመሪያ ናዳው ጥቂት ቤተሰቦችን ቀበረ። ጎረቤት ተጠራርቶ አፈሩን ሊቆፍር ወጣ። የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎችም መጡ። በዚያ መሃል ሁለተኛው ናዳ ወረደ። ከሞቱት አብዛኞቹ ሊያድኑ የመጡት ናቸው።

እዚህ ላይ ማንንም መውቀስ አይገባም። ጎረቤቱ አፈር ሥር ሆኖ ቆሞ የሚያይ ሰው የለም፤ እንዲኖርም አንፈልግም። ነገር ግን ይህ ደግነት ራሱ ትንሽ ሥልጠና ይፈልጋል። መቆፈር ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰው ዳገቱን የሚያይበት ቦታ ላይ ይቆማል። ሥራው ማየት ብቻ ነው። ስንጥቅ ካየ፣ ድንጋይ መንከባለል ከጀመረ ፊሽካ ይነፋል፤ ሁሉም ወደ ጎን ይሸሻል። ሃምሳ ሰው በአንድ ጊዜ ከመግባት አሥር አሥር እየሆኑ መፈራረቅ ይሻላል። ፊሽካ መግዛት የሚከብደው ሰፈር የለም። ሕጉን የሚያውቅ ሰው ግን መኖር አለበት።

የሸማ ተራ እሳት ሌላውን ጎን አሳይቷል። የመንገዱ ጥበት የእሳት አደጋ መኪኖችን ሥራ አክብዶታል። ጅማም አሮጌ ሰፈሮቿና መርካቶዋ አካባቢ ሱቅ ከሱቅ፣ ቤት ከቤት የተጣበቀበት ቦታ ብዙ ነው። ግድግዳ የሚጋሩ ቤቶች እሳትም ይጋራሉ። መኪናው የማይገባበት መንደር ውስጥ እሳቱን መጀመሪያ የሚይዘው እዚያው ያለው ሰው፣ እዚያው ያለው አሸዋና ውሃ ነው።

ስልክ ቁጥርም አለ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ብዙ ሰው በቃሉ የያዘው 939 ግን የአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥጋት ኮሚሽን ቁጥር ነው። እሳት ከተነሳ በኋላ ይህን ማወቅ ጊዜ ያባክናል። የጅማን የእሳት አደጋ ጣቢያና የቅርቡን ፖሊስ ጣቢያ ቁጥር ዛሬውኑ ጠይቆ በር ላይ መለጠፍ፣ የልጆች ደብተር ላይ መጻፍ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። የተጎዳ ሰው ሁሉ ተጣጥፎ ባጃጅ ውስጥ መግባት የለበትም። ከከፍታ የወደቀ፣ በመኪና የተገጨ፣ አንገቱን ወይም ጀርባውን የሚያመው ሰው ሲታጠፍ የአከርካሪው ጉዳት ሊባባስ ይችላል። አምቡላንስ እስኪመጣ ሳይነቃነቅ ቢጠብቅ፣ ካልሆነም በሰሌዳ ወይም በበር ሳንቃ ቀጥ ብሎ ተኝቶ ቢሄድ ይሻላል። የሚደማ ሰው ግን አይጠበቅለትም። ንጹሕ ጨርቅ ደርቦ ቁስሉን በኃይል መጫን ወዲያው መጀመር አለበት።

ቤት ውስጥ ያለው ሥራ

ቀና ብለን ኮርኒሱን እንይ። በብዙ የጭቃ ቤቶች ኮርኒሱ የተሰፋ ማዳበሪያ ወይም ጨርቅ ነው። ከሱ በላይ፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ የመብራት ሽቦ ተዘርግቷል። ሽቦው ሲዘረጋ ለሁለት አምፖል ታስቦ ነበር። ከዚያ ቴሌቪዥን መጣ፣ ፍሪጅ መጣ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ መጣ። አንድ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። በ220 ቮልት ሲሰላ ከ14 እስከ 18 አምፒር ማለት ነው። ይህን ቀጭን የአምፖል ሽቦ አይችለውም። ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ከላይ ደግሞ አቧራና ደረቅ ማዳበሪያ ይጠብቀዋል። ሶኬቱ ከሞቀ፣ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ከሸተተ፣ ብሬከሩ ደጋግሞ ከወረደ ቤቱ እየተናገረ ነው። መፍትሔው ትልቅ ብሬከር መቀየር አይደለም፤ እንዲያውም ይህ አደጋውን ያባብሰዋል። ለምጣዱ ብቻ የሚሆን ወፍራም መስመር በባለሙያ ማስዘርጋት ነው።

ሁለተኛው በርና መስኮት ነው። ሌባ ፈርተን መስኮቱን በብረት ፍርግርግ እናጥራለን። በሩን ማታ በቁልፍ እንዘጋለን፤ ቁልፉን ደግሞ እንደብቃለን። እሳት ሲነሳ ቤቱ ጭስ በጭስ ይሆናል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ቁልፉ ይጠፋል። ቁልፉ ማታ ማታ በሩ አጠገብ አንድ የታወቀ ምስማር ላይ ይሰቀል። ልጆችም ያንን ምስማር ጨለማ ውስጥ በእጃቸው ዳብሰው ያግኙት። ጭስ ካለ አጎንብሶ መውጣት ነው፤ ንጹሑ አየር ከታች ነው። ከወጡ በኋላ ለዕቃ ብሎ መመለስ የለም።

ዘይት ላይ የተነሳን እሳት ውሃ ያባብሰዋል። ምድጃውን ማጥፋት፣ ድስቱን በክዳኑ መግጠም ይበቃል። የኤሌክትሪክ እሳት ላይ ቆጣሪው ሳይጠፋ ውሃ አይደፋም። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለል ላይ ይተኛል። ሽታው ከመጣ በርና መስኮት ይከፈታል፣ ሲሊንደሩ ይዘጋል፣ መብራት ግን አይበራም አይጠፋምም፤ የማብሪያው ትንሽ ብልጭታ ትበቃለች። ከሰል ደግሞ በክረምት ብርድ ወደ መኝታ ቤት ይገባል። ከሚነደው ከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ከደም ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ ሰውየው ተኝቶ ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። «ረመጥ ብቻ ነው» ማለት አያድንም። ከሰል በተዘጋ ቤት አይታደርበትም።

ስለ ስንቅ ሲነሳ ኢንተርኔት ላይ የሚዞረው የ72 ሰዓት ቦርሳ ዝርዝር በቆርቆሮ ምግብ የተሞላ ነው። ለእኛ ኩሽና ባዳ ነው፤ ዋጋውም አይቀመስም። በሶ አለን። እሳት አይፈልግም፤ በውሃ ይበጠበጣል ወይም ይጨበጣል። ጭኮ ቅቤ ስላለው ቀናት ያቆያል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ አለ። እነዚህ መንገደኛ ለዘመናት የተጓዘባቸው ስንቆች ናቸው።

ከምግብ ይልቅ የሚያጥረው ውሃ ነው። በእርዳታ ሥራ ላይ የሚሠራበት ልኬት ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለንጽሕና በሰው በቀን 15 ሊትር ነው፤ በጣም ሲጨንቅ ግማሹ። ለአምስት ሰው ቤተሰብ ለሦስት ቀን በግማሹ ሲሰላ ስድስት ጀሪካን ገደማ ይመጣል። ውሃ በሚቆራረጥባቸው ሰፈሮች ብዙ ቤቶች ይህንን አስቀድመው ያደርጉታል። ከጎርፍ በኋላ የሚመጣው ሁለተኛ አደጋ ግን ያው ውሃ ነው። ሽንት ቤት ይሞላል፣ ጉድጓድ ውሃ ይበከላል፣ አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ይከተላል። ውሃ ማፍላት፣ ወይም ከፋርማሲ የሚገኘውን ውሃ አጋር የተባለ የውሃ ማከሚያ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን መጨመር ይገባል። ተቅማጥ ለያዘው ሰው ኦአርኤስ ከታጣ፣ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ላይ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይቆለል፣ ሕይወት ያቆያል። ወደ ጤና ጣቢያ መሄዱ ግን አይቀርም።

ሰነድ ላይ ብዙ አልቆይም። የቤት ካርታ፣ መታወቂያ፣ የልደት ካርድ፣ የጋብቻ ወረቀት በአንድ ፕላስቲክ ይያዙ፤ ፎቷቸው በስልክ ተነስቶ አዲስ አበባ ወይም ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ይላክ።

እድር ከሞት በፊት

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ከእጅ ወደ አፍ ለሚኖር ቤተሰብ ይከብዳል። ለነገ የሚሆን ዱቄት የሌለው ሰው የሦስት ቀን በሶ አስቀምጥ ቢባል ምክር ሳይሆን ሸክም ነው። መፍትሔው ከቤት አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ሰፈር ላይ ነው የሚገኘው። ሰፈሩ ውስጥ ደግሞ የተደራጀ ተቋም አለ።

እድር ምን እንዳለው እንቁጠር። የአባላት ስም በመዝገብ አለው። ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ አለው። የወር መዋጮ፣ የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ፣ ለቀረ ሰው ቅጣት አለው። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ትልልቅ ብረት ድስትና በርሜል አለው። ጡሩምባ ሲነፋ በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳን ተተክሎ፣ ውሃ ተቀድቶ፣ ወጥ ተጥዶ ይገኛል። ጡሩምባው ግን የሚነፋው ሰው ከሞተ በኋላ ነው።

ይህን ኃይል ከሞት በፊት ማዋል አዲስ ነገር አይደለም። ኤች አይ ቪ በከፋበት ዘመን በርካታ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው የታመመ ወደ መጠየቅ፣ ወላጅ አልባ ልጆችን ወደ መርዳት ገብተዋል። ለድንገተኛ አደጋም እንዲሁ ይቻላል። ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመራል፤ እሳት፣ ጎርፍ ወይም የቤት መደርመስ ሲደርስ ከካዝናው እስከ ምን ያህል፣ በማን ፊርማ፣ ስብሰባ ሳይጠራ እንደሚወጣ። መዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ ይጨመራል፤ የትኛው ቤት ውስጥ መራመድ የማይችል ሰው፣ ነፍሰ ጡር፣ ዓይነ ስውር ወይም ብቻዋን የምትኖር አሮጊት እንዳለች። የዕቃ ቤቱ ውስጥ ሁለት አካፋ፣ አንድ መሰላል፣ ረጅም ገመድ፣ ፊሽካና የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን ይገባል። ከአባላቱ ጥቂት ወጣቶች ከቀይ መስቀል የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይወስዳሉ። ጡሩምባው ለአደጋ ሲነፋ ድምፁ ለሞት ከሚነፋው ይለያል።

ተቃውሞም አለ፤ ክብደት ያለው ተቃውሞ ነው። እድርተኛው የሚያዋጣው ለቀብሩ ብሎ ነው፤ ገንዘቡ ለሌላ ሲውል የነገው ሐዘንተኛ ምን ይሆናል የሚሉ አሉ። ትክክል ናቸው። ስለዚህ የአደጋው መዋጮ በትንሹም ቢሆን ለብቻው ተይዞ ቢቆይ ይሻላል። ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። እድር ያልገባ ሰው አለ። ተከራይ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ከገጠር አዲስ የመጣ፣ መግቢያውን መክፈል ያቃተው፣ ተማሪ። አደጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያገኘው እነዚህን ነው፤ ርካሹ ኪራይ ቤት ወንዝ ዳር ወይም ጓሮ ውስጥ ስለሚሆን። ዝግጁነቱ በእድር መዝገብ ብቻ ከተሠራ እነሱ ይቀራሉ። ቢያንስ ለአደጋው ክፍል መዝገቡ በሰፈሩ ለሚያድር ሁሉ ክፍት ይሁን፤ አባልነት አይጠየቅበት።

የመንግሥት ድርሻ

«ሁሉንም በነዋሪው ላይ መጫን ነው» የሚል ክርክር ይነሳል። ግማሹ እውነት ነው። እድር የፍሳሽ ቱቦ አያሰፋም። የግንባታ ጥራት አይቆጣጠርም። የእሳት አደጋ መኪና ውሃ የሚሞላበትን የመንገድ ዳር ሃይድራንት፣ ማለትም ከዋናው የውሃ መስመር የተያያዘ ትልቅ ቧንቧ፣ አይተክልም። ረግረጉ እንዳይደፈን አይከለክልም። እነዚህን ከተማ አስተዳደር ካልሠራቸው ማንም አይሠራቸውም። ሌላው ግማሽ ደግሞ የጊዜ ጉዳይ ነው። ከተማው የቱንም ያህል ቢዘጋጅ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ሊሸፍን አይችልም።

ጅማ በዚህ ረገድ ብዙ ከተሞች የሌላቸው ሀብት አላት። ዩኒቨርሲቲው በማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርቱ ይታወቃል፤ ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ሰፈር ለሰፈር ወጥተው ይማራሉ። ያ ጉዞ የትኛው ቤት ጎርፍ ሊገባበት እንደሚችል፣ የትኛው ጠባብ መንገድ መኪና እንደማያሳልፍ የሚያሳይ የሰፈር ካርታ ቢያስገኝ፣ ካርታውም መደርደሪያ ላይ ሳይቀር ለቀበሌውና ለእድሩ ዳኛ ቢሰጥ፣ ከብዙ ጥናት ይበልጥ ይሠራል።

የኮሪደር ልማቱም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ሰፊ መንገድ ለእሳት አደጋ መኪናና ለአምቡላንስ ይመቻል፤ ወንዝ ዳር ባዶ ሲሆን ጎርፍ የሚያገኘው ቤት ይቀንሳል። ይህ ትክክለኛ ጥቅም ነው። በሌላ በኩል ከቦታው የሚነሳ ሰው የሚያጣው ግድግዳና ጣሪያ ብቻ አይደለም። ማታ ሲታመም በሩን የሚያንኳኳለትን ጎረቤት፣ ለዓመታት ያዋጣበትን እድር፣ አብሮት የሚሮጠውን ሰው ያጣል። አዲስ ሰፈር ውስጥ ተበታትኖ ሲገባ ከጎርፍ ርቆ ከእሳት ግን ይበልጥ የተጋለጠ ሊሆን ይችላል። የአንድ መንደር ሰዎች በተቻለ መጠን አንድ ላይ እንዲሰፍሩ ማድረግ፣ እድራቸው ከነዕቃው የሚያርፍበት ቦታ በአዲሱ ሰፈር ፕላን ላይ ከመጀመሪያው እንዲያዝ ማድረግ የከተማ አስተዳደሩ ሊወስነው የሚችል ነገር ነው። ዕጣ ከመውጣቱ በፊት ነው መወሰን ያለበት፤ ሰው አንዴ ከተበተነ በኋላ መልሶ መሰብሰብ ዓመታት ይፈጃል።